ስብራቱ ከተራራው በዕድሜ ይበልጣል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ አካባቢ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ከነቀነቀ ወዲህ፣ በፉሪ፣ በለቡና በአቃቂ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ «ስምጥ ሸለቆው ወደ እኛ እየሰነጠቀ ይመጣል ወይ?» እያለ ነው። መጠየቁ ደግ ነው። ነገር ግን ስብራቱ (አለቱ ተሰንጥቆ የተንሸራተተበት መስመር) ገና የሚመጣ ሳይሆን ከድሮም እዚያው ያለ ነው።

ወለጋና አዶላ ላይ ወደ ገጽ ብቅ የሚለው የመሠረት አለት ከግማሽ ቢሊዮን ዓመት በፊት ተጣጥፏል፣ ተሰባብሯልም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው ባዛልት ሸፈነው እንጂ አልጠገነውም። አንዴ የተሰበረ አለት ዳግም ለመንሸራተት የሚፈልገው ኃይል፣ ደህናውን ለመስበር ከሚያስፈልገው ያንሳል፤ እንጨት ፈላጭም መጥረቢያውን የሚያሳርፈው ቀድሞ በተሰነጠቀው በኩል ነው። የአሮጌው ስብራት አቅጣጫ ግን ምድርን ለሚስበው ኃይል ሊመች ይገባል። ካልተመቸ ምድር አሮጌውን ትታ አዲስ ትሰብራለች። በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ያሉት የወንጂ ስብራቶች የስምጥ ሸለቆውን ጠርዝ ተከትለው ከመሄድ ይልቅ ወደ ሰሜን ዘንበል ያሉት ለዚህ ነው።

በእኛ አካባቢ፣ ከየረር እስከ ወለጋው ቱሉ ወለል ከምስራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ የስብራትና የእሳተ ገሞራ መስመር አለ። ፉሪና ወጨጫም የተነሡት በዚሁ ላይ ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ስምጥ ሸለቆው በገደል እንደሚጀምር ያውቃል፤ ወደ ቢሾፍቱ የሚወርድ ግን ያን የመሰለ ገደል ሳያገኝ ይደርሳል። ጠርዙን እዚህ ያደበዘዘው ይህ ተሻጋሪ መስመር ነው። ሁለተኛው የስብራት አቅጣጫ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምስራቅ ሲሆን፣ የፍል ውሃው ስብራት ከዚህ ወገን ነው።

ታዲያ ስብራት ለማግኘት፣ የአፈር ምርመራ ተብሎ ቦታው መካከል ላይ አንድ ጉድጓድ ብቻ መቆፈር ብዙም አይጠቅምም። ስብራቱ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ፣ ቀጥ ያለ ጉድጓድ በሁለት ሜትር ሊስተው ይችላል። ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምስራቅ የተቆፈረ ቦይ ግን ሁለቱንም አቅጣጫዎች ይቆርጣል። ቦዩ እስከ አለቱ ይውረድ፣ ግድግዳውም በመጥረጊያ ይጽዳ። ከዚያ የሚፈለገው ወደ ሸክላ የተፈጨ አለት፣ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ከፍና ዝቅ ያለ ንጣፍ፣ ተወልውሎ የሚያብለጨልጭና በአንድ አቅጣጫ የተጫረ የአለት ፊት ነው። በበጋ ሳይቀር በመስመር የሚረጥብ ቦታም ያስጠረጥራል።

በአቃቂ ሜዳ «መሬት ተሰነጠቀ» የሚባለው አብዛኛው ግን የዋልካ ሥራ ነው (ይህን ለመሬት መንቀጥቀጥ የሚሰጡት ሰዎች ብዛት ያስገርማል)። በግንቦት አፉን ከፍቶ በነሐሴ የሚዘጋ ስንጥቅ የአፈሩ ማበጥና መኮማተር ነው። መድኃኒቱ ዋልካውን አውጥቶ፣ በምትኩ ሰሌክት ማቴሪያል (የተመረጠ የመሙያ አፈር) 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ንጣፍ በንጣፍ እየደለደሉ መጠቅጠቅ፣ የጣሪያውንም ውሃ ከመሠረቱ ማራቅ ነው።

ቦዩ ውስጥ እውነተኛ ስብራት ከታየ ግን ኮንክሪትና ብረት ከመጨመር በፊት ቤቱን ወደ አንዱ ወገን ማሸሽ ይቀድማል። ግማሹ በደህና አለት፣ ግማሹ በተፈጨው ላይ ያረፈ ቤት፣ ምድር ባትናወጥም እኩል አይሰምጥምና።

የሥነ ምድር ባለሙያዎች፣ ከፉሪ