ስለ ሁለተኛው በረኛ

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ

ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን የዝውውር ጽሑፍ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለችው የልብስ ስፌት ቤቴ፣ የስፌት መኪናዬን አቁሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ክለባችን በውድድሩ አጋማሽ ያለውን ገንዘብ በሙሉ ለአንድ አጥቂ እንዲያውል ይመክራሉ። ለተጠባባቂ ግብ ጠባቂ መክፈልን «ለወንበር ደመወዝ መቁረጥ» ብለውታል። ያ ወንበር ላይ ሦስት ዓመት ስለተቀመጥኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በ1978 ዓ.ም. የአንድ ፋብሪካ ቡድን ሁለተኛ በረኛ ነበርኩ። ጃን ሜዳ ላይ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ 1 ለ 0 እየመራን ነበር። ዋናው በረኛችን አጥቂ እግር ሥር ወድቆ ኳስ ሲይዝ ጣቱ ወለቀ። ቡድኑ የነበረው አንድ ጥንድ ጓንት ብቻ ስለሆነ፣ ካበጠው እጁ ላይ ሁለት ሰው ጎትቶ አውልቆ ሰጠኝ። ውስጡ ገና ይሞቃል፣ ላዩ ጭቃ ነው። ወዲያው የማዕዘን ምት ተመታ። «የኔ!» ብዬ ወጣሁ። የመሐል ተከላካያችን ግን ድምፄን አያውቀውም፤ እኔ ሳምንቱን ሙሉ የምለማመደው ከተጠባባቂዎቹ ጋር ነበርና። እሱም ዘለለ፣ እኔም ዘለልኩ፤ ኳሷ ግንባሩን ነክታ የራሳችን መረብ ውስጥ ገባች። 2 ለ 1 ተሸነፍን። (ሁለተኛዋ ግብ የራሴው ጥፋት ናት፤ አልክድም። ተከላካዩ ዛሬም ሱሪ ሊያሳጥር ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ «የኔ!» ይለኛል።)

አጥቂ ቢጎዳ የመስመር ተጫዋቹ ወደ መሐል ይጠጋል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። በረኛ ሲወጣ ግን ማን ይጠጋለታል? ጥር 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ የሆነውን አንርሳ። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቅቶ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ ከዕረፍት በፊት በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ዘሪሁን ታደለ ገብቶ፣ በጎደሎ ተጫዋች፣ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን 1 ለ 1 ይዘን ወጣን። በቡርኪና ፋሶ ግን 4 ለ 0 ተሸነፍን። ለናይጄሪያው ጨዋታ የተሰለፈው ሲሳይ ባንጫም መጨረሻው ላይ በቀይ ወጣ፤ ቅያሪ አልቆ ስለነበር የቪክተር ሞሰስን ሁለተኛ ፍጹም ቅጣት ምት ለመመከት የቆመው የሜዳ ተጫዋች ነው። በሦስት ጨዋታ ሦስት በረኛ ተጠቅመን አራተኛ ሰው ጓንት አጠለቀ። ይህንን አይቶ «ወንበር» ማለት ይከብደኛል።

ልጄ የምትኖረው ፊላደልፊያ ነው። አሜሪካኖች በእጅ የሚጫወቱትን እግር ኳስ እሷ ናት ያስተማረችኝ፤ ግማሹ አሁንም አይገባኝም። ኳሱን የሚወረውረውና ጨዋታውን የሚመራው ኳርተርባክ ይባላል፤ እንደ በረኛ ሁሉ እሱም በአንድ ጊዜ የሚሰለፈው አንድ ብቻ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 መጨረሻ የከተማዋ ቡድን የኤግልሶች ኳርተርባክ ካርሰን ዌንትዝ ጉልበቱ ተጎዳና ኒክ ፎልስ የሚባል ተጠባባቂ ገባ። በቀጣዩ ፌብሩዋሪ በፍጻሜው ኒው ኢንግላንድን 41 ለ 33 አሸነፉ፤ የጨዋታው ኮከብም ፎልስ ሆነ። ልብ በሉ፣ ፎልስ ጀማሪ አልነበረም። ከዚያ በፊት እዚያው ቡድን ውስጥ በቋሚነት ተጫውቶ፣ ሌላ ቦታ ዞሮ የተመለሰ ሰው ነው።

የኛ ክለብ ወንበር ላይ ያለው ግን ከተስፋ ቡድን የመጣ ልጅ ነው። በልምምድ ሲወረወር አይቼዋለሁ፤ ጥሩ እጅ አለው። ነገር ግን አንድ ሙሉ የሊግ ጨዋታ ሳይጫወት ዓመቱ እያለቀበት ነው። እሱን በውሰት ከፕሪሚየር ሊጉ አንድ ደረጃ በታች ላለ የከፍተኛ ሊግ ቡድን ስጡትና በየሳምንቱ ይሰለፍ፤ ግብ ይቆጠርበት፣ ይሰደብም፣ ይልመደው። በእሱ ቦታ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ በሌላ ክለብ ለዓመታት በቋሚነት የተሰለፈ በረኛ ግዙ። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ለማምጣት ጸሐፊው የሚመኙት አጥቂ የሚጠይቀውን ያህል ገንዘብ አያስፈልግም።

ከመጣ በኋላም ከተጠባባቂዎቹ ጋር አትመድቡት። በሳምንት ሁለት ቀን ከዋናዎቹ አራት ተከላካዮች ኋላ ቆሞ የማዕዘን ምት ይለማመድ፣ እየጮኸ።

የቀድሞ ሁለተኛ በረኛ
ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ