አባዬ፣ ስለ ድንጋዩ ለጠየቅከኝ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ሰላም ነህ ወይ አባዬ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ የድሬ ሙቀት ብቻ ነው የናፈቀኝ። ባለፈው በስልክ «ድንጋይ ስታዪ ውለሽ ምን ታገኚያለሽ?» ብለኸኝ ሳንጨርስ ኔትወርክ ተቋረጠ። ጥያቄህ በደንብ መመለስ አለበት ብዬ ነው የምጽፈው።

የማጠናው አህጉሮች ሲጋጩ ድንጋዩ ምን እንደሚሆን ነው። ግጭት ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ፊት ለፊት መላተምን ነው። አህጉሮቹን የተሸከሙት ግዙፍ የምድር ቅርፊት ቁራጮች፣ ፕሌቶቹ፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚገናኙት በሰያፍ ነው። ሳሎን ያለውን ምንጣፍ በመዳፍህ ወደ ግድግዳው በሰያፍ ግፋው። ይሸበሸባል፤ ግድግዳውን ታክኮም ወደ ጎን ይንሸራተታል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነው። ሃርላንድ የተባለ እንግሊዛዊ ጂኦሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1971 ለዚህ ነገር ትራንስፕሬሽን የሚል ስም አወጣለት።

ነገሩ እኛንም ይነካል። ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ ሽቅብ ስትወጣ የምትወጣው የአፋርን ዝቅተኛ ምድር ጠርዝ ነው። እኛ ጋ መሬቱ ይከፈታል። ዓረቢያ ከአፍሪካ እየራቀች ነው፤ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤም ይሰፋሉ። ታዲያ ከእኛ ስትርቅ ባዶ ቦታ አይጠብቃትም። በዓመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ እየሄደች ኢራን ላይ ትጫናለች።

የኢራን የዛግሮስ ተራሮች ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የተዘረጉ ናቸው። ግፊቱ ደግሞ ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ ሰያፍ ሆነ። እኔን የሚያስደንቀኝ መሬቱ ይህን አንድ ግፊት ለሁለት የሚከፍልበት መንገድ ነው። አንዱ ድርሻ የድንጋዩን ንጣፍ ያጥፈዋል፣ ያወፍረዋል፣ ወደ ላይ ያነሳዋል። እዚያ ከሚታጠፈው ብዙው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ለድሬዳዋ ሲሚንቶ የሚፈጨው ዓይነት። ሌላው ድርሻ ከተራሮቹ ጀርባ ባለ ረጅም ስንጥቅ ላይ መሬቱን ወደ ጎን ያንሸራትታል።

ማዕዘኑ ብዙ ነገር ይወስናል። ግፊቱ ከሁለቱ ፕሌቶች ድንበር ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ20 ዲግሪ ካነሰ ድንጋዩ በዋናነት ወደ ጎን ይለጠጣል። ከዚያ ከበለጠ ወደ ላይ ነው። ስሌቱ የሚለው ይህን ነው፤ ሜዳ ስትወጣ ግን ድንጋዩ ከስሌቱ በላይ ያስቸግራል።

ኒውዚላንድ ውስጥ አልፓይን የሚባል ስንጥቅ አለ። አንድ ላይ የነበሩትን ድንጋዮች 480 ኪሎ ሜትር አራርቋቸዋል። አንተ ዕድሜህን የሠራህበት የድሮው ባቡር ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ይሄድ የነበረውን ያህል ማለት ነው። ያም ሆኖ አጠገቡ ያሉትን ተራሮች ወደ ላይ ገፍቷል፤ ትልቁ ከ3,700 ሜትር በላይ ነው።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ናይስ የሚባል ድንጋይ አለ። በጥቋቁር መስመሮች መካከል ዓይን የሚያካክሉ ፌልድስፓር ከሚባል ማዕድን የሆኑ ነጫጭ እብጠቶች ተሰክተውበታል። እያንዳንዱ እብጠት ግራና ቀኝ ቀጭን ጭራ አለው። አንዱ ጭራ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ይወጣል። በዚያ ብቻ የትኛው ጎን ወዴት እንደሄደ ይነበባል። ድንጋዩ በጥልቅ ምድር ውስጥ ሞቆ፣ ሳይሰበር፣ በቀስታ ተለጥጧል። ቀኑን ሙሉ የማየው ይህን ነው አባዬ።

በ2017 አዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ምን ያህል እንደተጨነቅክ አውቃለሁ። ያ ከመከፈቱ ጋር የመጣ ነው። በጥር 2015 ቱርክንና ሶሪያን የመታው ደግሞ ወደ ጎን በሚንሸራተት ስንጥቅ ላይ የተነሳ ነው። የዓረቢያ ግፊት አለበት። ከ50,000 በላይ ሰው አለቀ። የትኛው ስንጥቅ የግፊቱን የትኛውን ድርሻ እንደተሸከመ ማወቅ ቤት የት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚሠራ ለመወሰን ይጠቅማል። ለዚህ ነው የማልተወው።

ለገና እመጣለሁ። ጉልበትህ ከፈቀደልህ በሐረር በኩል ባቢሌ ድረስ እንሂድ፤ እነዚያን ትልልቅ ግራናይቶች ላሳይህ እፈልጋለሁ። በመኪና ስለሆነ ብዙ አትራመድም። መድኃኒትህን አታቋርጥ። ለእማዬ ሰላም በልልኝ።

የምትወድህ ልጅህ