ሕንፃው ከመነሳቱ በፊት የመንገዱ አየር ይሰላ፦ ለደሴ ከተማ አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ከንቲባ፣ እንዲሁም የከተማዋን ፕላንና መንገድ የያዛችሁ ባለሙያዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

የጻፍኩት አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። በመሀል ከተማ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የሚነሱት ሕንፃዎች ቁመት፣ የእግረኛ መንገዱ ስፋትና የፌርማታዎቹ ቦታ ከመወሰኑ በፊት፣ የመኪናው ጭስ የት የት እንደሚጠራቀም በኮምፒውተር ሞዴል ይሰላ። አስፋልት ከፈሰሰና ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው።

ደሴን ታውቋታላችሁ። ጦሳ ተራራ ሥር ተኝታለች። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚሄደው መንገድ መሀሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ከኮምቦልቻ የሚነሳ የጫነ ሲኖትራክ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቶ ነው የሚደርስብን። ዳገት ላይ ሞተር ብዙ ናፍታ ይበላል፣ ብዙ ያጨሳል። እዚህ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ደግሞ ኦክስጅኑ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ስለሚያንስ በደንብ ያልተያዘ የናፍታ ሞተር ነዳጁን አሟጦ አያቃጥልም፤ ጥቁሩ ጭስ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ወርዶ ሲተኛ ደግሞ የማለዳው ጭስ ቶሎ መውጫ አያገኝም፤ ተማሪ ትምህርት ቤት የሚሄደው በዚያው ሰዓት ነው።

አሁን ስለ ሕንፃው ልናገር፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። ጠባብ መንገድ በሁለቱም በኩል ረጃጅም ፎቅ ሲቆምበት ነፋሱ በጣሪያዎቹ ላይ ያልፍና ከፊሉ ወደ ውስጥ ወርዶ ይሽከረከራል። ስለዚህ መሬት ላይ የሚነፍሰው ከላይ ካለው ነፋስ በተቃራኒ ነው። ነፋሱ ከጦሳ በኩል መንገዱን አቋርጦ ሲመጣ፣ ጭሱ ተገፍቶ የሚያርፈው በዚያው በጦሳ በኩል ባሉት ሱቆች ደጅ ላይ ነው ማለት ነው። ማዶ ያለው ሰው የተሻለ አየር ይተነፍሳል። የጀበና ቡና የምታፈላዋ ልጅ፣ ሊስትሮው፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውለው ትራፊክ ፖሊስ በየትኛው ወገን እንደሚውሉ ግድ ይለናል። ዛፍም ቢሆን በእንዲህ ያለ መንገድ ውስጥ ቅርንጫፉ ጥቅጥቅ ካለ አየሩን ያፍናል። ዛፍ አትትከሉ ማለቴ አይደለም፣ ቦታውና ዓይነቱ ይታሰብበት ነው።

ዴንማርኮች ለእንዲህ ዓይነት መንገድ ኦኤስፒኤም የሚባል ሞዴል ሠርተዋል። የሚፈልገው መረጃ ከአቅም በላይ አይደለም፦ በሰዓት ስንት መኪና ያልፋል፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ባጃጅ፣ ስንቱ ሚኒባስ፣ ስንቱ የጭነት መኪና ነው፣ በምን ፍጥነት ይሄዳል፣ መንገዱ ምን ያህል ይሰፋል፣ ሕንፃው ስንት ሜትር ነው፣ ነፋሱስ ከየት ነው የሚመጣው። ነፋሱን ግን አደራ፣ ከኮምቦልቻ ኤርፖርት ወስዳችሁ እንዳትሞሉት፤ የእነሱ ሜዳና የእኛ ተዳፋት አንድ አይደለም። እያንዳንዱ መኪና የሚያወጣውን የጭስ መጠንም ከአውሮፓ ሠንጠረዥ እንዳለ መገልበጥ አይሆንም፣ መኪኖቻችን ያረጁ ናቸው፣ መንገዱም ዳገት ነው። ስለዚህ ፒያሳና ቧንቧ ውሃን በመሳሰሉ ጥቂት ቦታዎች መለኪያ ተተክሎ ሞዴሉ ከእውነቱ ጋር ይመሳከር። ያልተመሳከረ ሞዴል ቆንጆ ካርታ ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ፒኤም 2.5 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ በዓመት አማካይ በኪዩቢክ ሜትር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ሳንባ ውስጥ ዘልቆ ወደ ደም የሚገባው ይሄ ነው። «ኤሌክትሪክ መኪና እየመጣ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ተከልክሏል። ነገር ግን ከጅቡቲ የሚመጣው ከባድ መኪና አሁንም በናፍታ ነው፣ የጎማና የፍሬን ብናኝም በኤሌክትሪክ አይጠፋም።

ባለሙያ ከሩቅ መጥራት አያስፈልግም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው፣ ኮምቦልቻ ላይም የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። የመኪና ቆጠራውን ተማሪዎች ይሠሩታል። ከእናንተ የሚፈለገው የመንገድና የሕንፃ ፕላኑን መስጠት፣ ለመለኪያው ትንሽ በጀት መያዝ፣ ውጤቱ እስኪወጣም በዋናው መንገድ ዳር ለረጃጅም ፎቆች አዲስ ፈቃድ ማቆየት ነው። ካርታው ሲያልቅ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ይለጠፍልን፤ ነጋዴውም ወላጁም መጥቶ ይየው።