የተከዜ ካርታሽ ደረሰኝ

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ "ስልኳን አታነሳም" ብላ ቅር ብሏታል፣ እሱን አንቺው ጨርሺው።

የላክሽልኝን የሳተላይት ካርታ የጎረቤት ልጅ ስልኬ ላይ አጉልቶ አሳየኝ። "አባ፣ ተከዜ መንገድ የጠፋበት ይመስላል፣ ለምንድነው እንዲህ የሚዞረው?" ብለሻል። ሳቄ መጣ። ስንት ዓመት በዚያ መስመር ጭነት ሳመላልስ ኖሬ፣ ከላይ ግን አይቼው አላውቅም ለካ።

መንገድ አልጠፋበትም። የሚነሳው ከላስታ ተራሮች ነው፣ ከላሊበላ ብዙ ሳይርቅ። መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ ከዚያ የሰሜን ተራሮች ፊቱ ይገተሩበታል። ራስ ዳሽን ብቻውን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ በየት በኩል ይለፍ? ወደ ሰሜን ታጥፎ ተራራውን በምሥራቅ በኩል ይዞርና እንደገና ወደ ምዕራብ ይመለሳል። ሲዞር ደግሞ መሬቱን እየቦረቦረ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ገደሉ ከ2,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ካርታሽ ላይ ይሄ ሁሉ ቀጭን ክር ነው።

እኔ ተከዜን የማውቀው በፍሬን ነው። ደባርቅ ላይ ጠዋት ጋቢ ደርበሽ ሻይ ትጠጫለሽ። ከዚያ ሊማሊሞ፣ ጣሊያን ገደሉን ጠርቦ ያወጣው መንገድ፣ መታጠፊያው አልቆ የማያልቅ፣ ወደ ታች ያየ ሹፌር የሚያዞረው። ዛሪማን፣ አዲአርቃይን፣ ማይጸብሪን አልፈሽ ድልድዩ ጋ ስትደርሺ ጋቢው ቀርቶ ሸሚዙም ይከብድሻል። አንዴ ጥር ላይ እዚያው ሞተር ጋለብኝና ቆምን። ረዳቴ አዲስ ልጅ ነበር፤ በአሸዋው መሀል የሚሳበውን ውሃ አይቶ "ተከዜ ተከዜ የሚሉት ይሄ ነው?" አለኝ። ጀሪካን ይዞ ሊወርድ ሲል አዞ አለ ብዬ ያዝኩት። ነሐሴ ላይ በዚያው ስናልፍ ውሃው ቡና መስሎ ግንድ ተሸክሞ ይወርዳል። ልጁ ትንፍሽ አላለም።

ስሙ "ከመተከዝ" የመጣ የሚመስላቸው አሉ። እኔም ይመስለኝ ነበር። አንድ የቆሎ ተማሪ ጋቢና አሳፍሬ ነው የተማርኩት፦ "ተከዚ" በግዕዝ ወንዝ ማለት ነው። ወንዙ ስሙ ወንዝ ነው በቃ! ንጉሥ ኢዛናም በ4ኛው ክፍለ ዘመን ባስቀረጸው ድንጋይ ላይ ከኖባ (ከኑቢያ) ሰዎች ጋር ተከዜ ዳር መዋጋቱን አስፍሯል።

ካርታው ላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተበታተነውን ሰማያዊ የጠየቅሽኝ ደግሞ ግድቡ ያቆረው ሐይቅ ነው። ግድቡ 188 ሜትር ቁመት አለው፣ 300 ሜጋ ዋት ያመነጫል፣ የተመረቀውም በ2002 ዓ.ም. ነው። ወንዙ ከዚያ ወዲያ ሁመራን ይዞ፣ በዚያ ቆላ ሰቲት እየተባለ ሱዳን ይገባል። አትባራ የሚባለው ወንዝ ውስጥ ይቀላቀላል፣ አትባራም አባይን። ከአትባራ በኋላ አባይ እስከ ሜዲትራኒያን ድረስ ሌላ ገባር የለውም።

አሁን አንቺ አንድ ነገር ሥሪልኝ። ከደባርቅ እስከ ድልድዩ በቀጥታ፣ አሞራ እንደሚበረው፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ካርታሽ ላይ ለክተሽ ላኪልኝ። እኔ የማውቀው የጠመዝማዛውን ነው።

አባትሽ