ለቅዳሜው የፎቶ ቀረጻ ለምትመጡ አባላት

ሰላም ወዳጆች፣

ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት፣ አንበሳው ሐውልት ጋ እንገናኝ። እባካችሁ ሰዓት ይከበር። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይዋ ቶሎ አናት ላይ ትወጣለች። ከረፈደ የሞዴላችን ዓይን ሥር ጥላ ይወድቃል። ሪፍሌክተር (ብርሃን ወደ ፊቷ የሚመልስ ሰሌዳ) ያላችሁ ያዙ።

አንበሳው በ1948 ዓ.ም. ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት የቆመ ነው። ቀጥ ያለና ማዕዘን የበዛበት ድንጋይ ስለሆነ ለስለስ ብሎ የሚወርድ ቀሚስ አጠገቡ በጣም ያምራል። ሞዴሏን ሐውልቱ ሥር አታስጠጓት። ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት ትምጣ፤ እናንተ ዝቅ ብላችሁ አንሱ። ያኔ እሷም አንበሳውም ቁመት ያገኛሉ።

ከዚያ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት እንሄዳለን። የፈቃድ ደብዳቤው እኔ ጋ ነው። ጥበቃዎቹን ቀድማችሁ ሰላም በሏቸው። «እዚህ አይቻልም» ካሉ ካሜራ ማውረድ ነው፤ ክርክር የለም። ደረጃውን አትዝጉ፣ ባለጉዳይ ላይም ካሜራ አትደግኑ።

አንድ አጥብቄ የምለው ነገር አለ። ሞዴሏ መኪና ውስጥ ተሸማቅቃ ልብስ አትቀይርም። አቅራቢያው ሆቴል ክፍል እንይዛለን፤ ወጪውን እንካፈላለን። የትኛው ፎቶ እንደሚለጠፍም እሷ አይታ ትወስናለች።

የምትቀሩ ካላችሁ እስከ ሐሙስ ማታ አሳውቁኝ።