የውኃን ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት በአርዱይኖ ስለመለካት

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

አርዱይኖ በተባለችው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የውኃን ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ለመለካት ለሚሞክሩ ወጣቶች ጥቂት ማሳሰቢያ ላቅርብ። እኔ መጀመሪያ እንዳደረግሁት ሁለት ምስማር ውኃ ውስጥ ነክሮ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ያለማቋረጥ መልቀቅ፣ አዮኖች (ውኃ ውስጥ የሟሟ ጨው ኤሌክትሪክ ተሸካሚ ቅንጣቶች) በምስማሮቹ ዙሪያ እንዲከማቹ ስለሚያደርግ፣ ውኃው ሳይለወጥ ንባቡ ይለዋወጣል፤ የእኔዎቹማ ዝገው ውኃውን ጭምር አቆሽሸውታል። መፍትሔው የማይዝጉ ዘንጎችን ተጠቅሞ፣ የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ ለእኩል አጭር ጊዜ እያፈራረቁ መለካትና ወዲያው ማቋረጥ ነው።

ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር አስተላላፊነቱ በ2 በመቶ ገደማ ስለሚያድግ፣ ንባቡን ወደ 25 ዲግሪ አስተካክሎ፣ አስተላላፊነቱ በሴንቲሜትር 1413 ማይክሮሲመንስ (የአስተላላፊነት መለኪያ አሃድ) መሆኑ በታወቀ የጨው ሙሙት ማመሳከር ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳው ፍሎራይድ በሚበዛበት በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ የሚለኩ ሰዎች ጉዳይ ነው። መሣሪያው የሟሟውን ጨው ጠቅላላ ብዛት እንጂ ዓይነቱን አይለይም። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ የሆነው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ፍሎራይድ በንባቡ ላይ የሚጨምረው 5 ማይክሮሲመንስ እንኳ ስለማይሞላ፣ ዝቅተኛ ቁጥር ያሳየ ውኃም ቢሆን የፍሎራይድ ምርመራ በላቦራቶሪ ሊደረግለት ይገባል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ