ስልክ ሁሉ ለድምፅ ጥናት አይሆንም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ንግግር ድምፆች ጥናት ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ናሙና መሰብሰብ እንደሚችል መገለጹ ግማሹ እውነት ነው። በተለመደው የስልክ መስመር የሚያልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ (በሰከንድ የሚቆጠር የንዝረት ብዛት) ያለው ድምፅ ነው። የ«ስ» ጉልበት ግን በአብዛኛው ከ4,000 ኸርዝ በላይ ስለሆነ፣ በዚያ መንገድ የመጣውን «ስ» ከ«ፍ» ለይቶ ለመለካት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። የስልኩ ጫጫታ ማጥፊያም ደካማውን ትንፋሽ አብሮ ይጠርገዋል።

ለመለኪያ የሚሆን ቅጂ ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ (በ44,100 ኸርዝ)፣ በ16 ቢት፣ ሳይጨመቅ በዋቭ ፋይል ይቀመጥ። ማይክሮፎኑ ከአፍ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ወደ ጎን ዘወር ይበል፤ ፊት ለፊት ከሆነ የ«ፕ» ትንፋሽ ይመታዋል። ቃላትን በዝርዝር ማስነበብም አይበጅም፤ የመጨረሻው ቃል ይረዝማል። አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር መካከል እየገቡ፣ ቅደም ተከተላቸው እየተቀያየረ ይነበቡ።

ጀማሪን በብዛት የሚያሳስተው ግን የአናባቢ ልኬት ነው። ፕራት በተባለው ነፃ ሶፍትዌር አምስት ፎርማንት (የአናባቢው ድምፅ ጎልቶ የሚሰማበት የድግግሞሽ ክልል) የሚፈለግበት ጣሪያ ለሴት 5,500፣ ለወንድ 5,000 ኸርዝ ገደማ ነው። የወንዱን ድምፅ በ5,500 የለካ ሰው፣ «ኡ» ላይ ተጠጋግተው የሚገኙት አንደኛውና ሁለተኛው ፎርማንት እንደ አንድ ሊቆጠሩበት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ሦስተኛው በሁለተኛው ቦታ ሰንጠረዡ ውስጥ ይገባል። ሶፍትዌሩ ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ስለዚህ ቁጥሩ ከመመዝገቡ በፊት ስፔክትሮግራሙን (የድምፁን ድግግሞሾች ከጊዜ ጋር የሚያሳየውን ሥዕል) በዓይን ማየት የግድ ነው።

ከአንድ የሥነ ድምፅ አጥኚ